ወደ ውስጥ የተሳበ አዎ

ጋሽ ኩማዳ ባረፉ በሳምንቱ አንዲት ጋዜጠኛ ደወለችልኝ። «ዳይሬክተሩ ዝምታን ለምን ያን ያህል ይወዱ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «ልጄ፣ እሳቸው ዝምታ አይወዱም ነበር» አልኳት። ሳቀች፤ ቀልድ መሰላት። «የመጨረሻው ፊልማቸው መዝጊያ ላይ ያለውን ዝምታ ግን ያላደነቀው የለም» ስትለኝ፣ «የሱን ዝምታ ታሪክ ልንገርሽ፣ ቁጭ ብለሽ ከሰማሽኝ» አልኳት። ያለኝ ሁለት ደቂቃ ነው አለች። እንግዲህ ስለ ጋሽ ኩማዳ የሚጽፉት የሰውን ዕድሜ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱ ሰዎች ናቸው። እኔ ደግሞ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጊዜ ሞልቶኛል። ስለዚህ ራሴ እጽፈዋለሁ።

ስሜ ትርሲት ነው። ሥራዬ ድምፅ መቅረጽ ነበር፤ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሬዲዮ፣ በኋላ እዚህ ሜልቦርን በፊልም። ነበር የምለው የጆሮ ሐኪሙ ቀጫጭኑን ድምፅ መስማት እንዳቆምኩ ስለነገረኝ ነው። የወፍ ጫጫታና የቁልፍ ኮሽታ ከእንግዲህ ለእኔ የሉም አለ። የልጄ የቤቲ ንዝንዝ ግን ጥርት ብሎ ይሰማኛል። ምናለ ከወሰደ አይቀር ያንን አብሮ ቢወስደው!

ሬዲዮ ስቀጠር አለቃዬ ጋሽ ደምሰው የሚባሉ ቁጡ ሰው ነበሩ። ቴፕ በምላጭ ቆርጠን በማጣበቂያ የምንቀጥልበት ዘመን ነው። የተናጋሪውን ሳል ቆርጠን ስናወጣ ትንፋሹን አብረን ካወጣንበት፣ «ሰውየውን ገደላችሁት!» ብለው ቴፑን ጠረጴዛ ላይ ይወረውሩብናል። ሰው ከመናገሩ በፊት አየር ይስባል፤ ያንን ከነጠቅኸው ንግግሩ የማሽን ይሆናል ይሉ ነበር። እኔ ግልምጫውን ጠልቼ ትምህርቱን ያዝኩ። ከዚያ አገሩ የሆነውን ሆነና በሱዳን በኩል ዞሬ፣ ቤቲን አዝዬ እዚህ ደረስኩ።

እዚህ ደግሞ የሬዲዮ ሙያሽ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀኝ የለም። ከተማ መሃል ያሉ ቢሮዎች ሳጸዳ ዓመታት አለፉ። ክፍያው ኪራይና ትምህርት ቤት ይችል ነበር፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም። ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ በማኅበረሰብ ሬዲዮ የአማርኛውን ፕሮግራም እቀርጽ ነበር። እዚያ ያለ ቴክኒሻን ነው፣ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ፣ «አንድ ጃፓናዊ ዳይሬክተር ድምፅ ቀራጭ ይፈልጋል፤ ግን አስቸጋሪ ሰው ነው፣ ማንም አይቆይለትም» ያለኝ። የባንክ ቤት ሽንት ቤት ለዓመታት ያጸዳ ሰው አስቸጋሪ ሰው ይፈራል?

ያራቪል በሚባል ሰፈር ወዳለው ቤታቸው ሄድኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝና መጀመሪያ ያዩት ጫማዬን ነው። አወለቅሁ። ሻይ አቀረቡልኝ። ከዚያ፣ «ማስነጠስ ታበዢያለሽ?» አሉኝ።

«አላበዛም» አልኳቸው።

«የፊተኛው ሰውዬ ያስነጥስ ነበር» አሉና ነገሩን በዚያ ዘጉት። ተቀጠርኩ ማለት ነው። የሬዲዮ ልምዴን፣ የምስክር ወረቀቴን፣ ሁሉንም አዘጋጅቼ ሄጄ በአፍንጫዬ ተቀጠርኩ። ስንብት ላይ «ኩማዳ ሳን በይኝ» አሉ። ይሄ «ሳን» የሚሉት እንደኛ «ጋሼ» ነው ብዬ አሰብኩና ጋሽ ኩማዳ አልኳቸው። ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው። እስኪሞቱም ሌላ ስም አልጠራኋቸውም።

የተወለዱት በሰሜን ጃፓን፣ ዓሣ በጨው አሽገው በሚኖሩ ሰዎች መንደር ነው። በወጣትነታቸው ቶኪዮ ወርደው አንድ ስቱዲዮ ተቀጠሩ። ለብዙ ዓመት ሥራቸው ለዋናው ዳይሬክተር ጥላ መያዝና ቀረጻ ሲጀመር የእንጨት ማጨብጨቢያውን ማጋጨት ነበር። የራሴን ፊልም ዛሬ ነገ እሠራለሁ ሲሉ ስቱዲዮው ተዘጋ። ከዚያ ለጃፓን ቱሪስቶች የካንጋሮ ማስታወቂያ ሊቀርጹ ለአንድ ወር ሜልቦርን መጡና አንዲት የዚህ አገር አስተማሪ አግብተው ቀሩ። እኔ ሳውቃቸው ሚስታቸው አርፈዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። በየሦስት በየአራት ዓመቱ ከመንግሥት የጥበብ ድጎማ ተማጽነው አንድ ፊልም ይሠራሉ። አውሮፓ ያጨበጭብላቸዋል። ያራቪል ያለችው የዳቦ ቤት ልጅ ግን የምግብ ቤት ባለቤት ይመስሏት ነበር።

ጥሩ ጥሩውን ላስቀድም። ቀረጻ ሲኖር አንድ ሰዓት ቀድመው ይመጡና ጫማቸውን አውልቀው፣ ክፍሉ ውስጥ ብቻቸውን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይቀመጣሉ። ምን እየሠሩ ነው ስላቸው፣ «ቤቱ እንዲለምደኝ ነው» አሉኝ። በሆዴ ሳቅሁ። ግን እኔም ቀድሜ ስለምደርስ የምሄድበት አጣሁና አብሬያቸው መቀመጥ ጀመርኩ። እውነትም ቤት ሲለምድህ ድምፁን አይደብቅህም። ማቀዝቀዣው መቼ እንደሚያጓራ፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ፀሐይ ሲያገኘው የት ጋ እንደሚንቋቋ፣ የትኛው የወለል ጣውላ እንደሚጮህ ካሜራው ከመተከሉ በፊት አውቀዋለሁ። ማቀዝቀዣውን አጠፋና የመኪናዬን ቁልፍ እዚያው ውስጥ፣ ወተቱ አጠገብ አስቀምጣለሁ። ያለ ቁልፍ ወዴትም ስለማልሄድ፣ የባለቤቱን ወተት ሳላበላሽ መልሼ አበራዋለሁ። በመጨረሻም ሁሉም ሰው እንዳለ ይቆምና የባዶውን ክፍል ዝምታ ለብቻው እቀርጻለሁ። ዝምታ ከቤት ቤት ይለያያል፤ የአንዱን ለሌላው ብትቀጥለው ጆሮ ያውቃል። ይሄን ሁሉ ያጠናሁት ከሳቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው። ክፉ ቀን ሳይመጣ ይህን ልመስክር።

የማይቻለው መደጋገማቸው ነበር። ትዕይንቱ አምሮ ይሄዳል፤ ለስለስ ባለ ድምፅ ያስቆማሉ፤ ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን ያነሳሉ። ድምፁስ ገባ? ማለታቸው ነው። እኔም እንደ ወጉ መግባቱን እገልጽላቸዋለሁ። ወዲያው ፊታቸው ይጨልማል፤ አንገታቸውን ደፍተው «እንደገና» ይላሉ። ምን ጎደለ? አይናገሩም። እንደገና፣ አሁንም እንደገና። አንድ ጊዜ አንድ ሽማግሌ ተዋናይ ቁርሱን የተቀቀለ እንቁላል ሲበላ እንቀርጽ ነበር። ሰውየው እንቁላል ሲበላ ረፈደ፤ ሲበላ ዋለ፤ በመጨረሻ ግቢ ወጥቶ አስመለሰው። ካሜራማኑ ዴቭ በጆሮዬ፣ «ይሄ ሰውዬ ወይ ሊቅ ነው ወይ እብድ ነው» አለኝ። «ሁለቱም ናቸው» አልኩት። ጋዜጦቹ በኋላ ላይ ትዕግሥታቸውን ሲያወድሱ አነበብኩ። የሽማግሌውን ሆድ የጠየቀ የለም።

ሁለተኛው ጠባያቸው ቃል አባይነት ነበር፤ ቢያንስ እኔ እንደዚያ ነበር የማምነው። ለማይክሮፎኑ የንፋስ መከላከያ ይገዛልን ብዬ እጠይቃለሁ። እሳቸው ራሳቸውን ዘንበል አድርገው፣ ልክ እንደ እኛ አገር ሰው አየር ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋሉ። አዎ አሉ ብዬ ደስ ይለኛል። ሳምንት እጠብቃለሁ፣ ወር እጠብቃለሁ፤ ወፍ የለም። ረዳት ይቀጠርልኝ፤ ሳብ። የማክሰኞው ቀረጻ ወደ ረቡዕ ይዛወርልኝ፤ ሳብ። ማክሰኞ ግን «ለምን አልመጣሽም?» ተብሎ ይደወልልኛል። ቤት ገብቼ ለቤቲ ስነግራት፣ «ማም፣ ጀስት ክዊት» ትለኛለች። ልተወውማ እችል ነበር። ግን በዚያ ዕድሜዬ ሙያዬን መልሶ እጄ ላይ ያስቀመጠልኝ ሌላ ሰው አልነበረም።

የመጨረሻው ፊልማቸው ከጦርነቱ በኋላ አውስትራሊያዊ ወታደር አግብታ በመርከብ ስለመጣች አንዲት ጃፓናዊት ነበር። እንደዚያ ያሉ ሙሽሮች በዘመኑ ብዙ ነበሩ፤ አሁን አርጅተዋል፣ አልፈዋል። ጋሽ ኩማዳ ተዋናይ አልፈልግም ብለው ከነሱ አንዷን አፈላልገው አገኙ። እትዬ ሃሩ ይባላሉ። ሰማንያ ያለፋቸው፣ ወንበር ላይ ሲቀመጡ እግራቸው መሬት የማይነካ፣ ግን ማንንም የማይፈሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ደግ ሰው ነበር፤ ይሁንና ልጆቹ ትምህርት ቤት እንዳይሰደቡ ብሎ ቤት ውስጥ ጃፓንኛ ከለከለ። እሳቸውም ዕድሜያቸውን በሰው ቋንቋ ጨረሱት። ከጋሽ ኩማዳ ጋር እንኳ በእንግሊዝኛ ነበር የሚነጋገሩት፤ ጃፓንኛው ዛገብኝ ይላሉ።

ፊልሙ የሚያልቀው አሮጊቷ ባዶ ማዕድ ቤት ውስጥ ተቀምጠው ሲያንጎራጉሩ ነው። ዜማው የራሳቸው ነው፤ እናታቸው ወደብ ላይ ሲሸኟቸው ከልባቸው አውጥተው ያንጎራጎሩላቸው፣ የትም ያልተጻፈ። ለባላቸውም ለልጆቻቸውም አሰምተው አያውቁም። ለጋሽ ኩማዳ እሺ ያሉት በአንድ ውል ነው።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ። «አማረም አላማረም አንድ ጊዜ። ሁለተኛ ያለኝ አይመስለኝም።»

ጋሽ ኩማዳ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው ቃል ገቡ። እኔም ዴቭም እዚያው ቆመን ሰማን።

ያራቪል አንድ ጊዜ ብቻ መቅረጽ ማለት ምን እንደሆነ ድምፅ የሠራ ያውቀዋል። ወደቡ አጠገብ ነው፤ ኮንቴነር የጫነ ከባድ መኪና ሲያልፍ የመስኮቱ መስታወት ይንቀጠቀጣል። መኪናው ስለሚቀንስ ቅዳሜ ጠዋትን መረጥን። ቤቱ ሊፈርስ የተወሰነ የእንጨት ቤት ስለነበር ጣውላው ሁሉ ይጮሃል፤ ወለሉን በብርድ ልብስ ሸፈንኩ። ማቀዝቀዣ አጠፋሁ፣ ቁልፌን ከተትኩ፣ የግድግዳ ሰዓቱን ባትሪ አወጣሁ። አንዱን ማይክሮፎን ጠረጴዛው ሥር ደበቅሁ፣ ሌላውን በዘንግ ከራሳቸው በላይ ያዝኩት። ልንጀምር ስንል ጎረቤቱ የሳር ማጨጃ ሞተር አስነሳ። ሮጥኩ።

«ሳምንቱን ሙሉ ስሠራ ከርሜ ዛሬ ሳሬን ማጨድ አልችልም?» አለኝ።

«እጨድ፤ ግን ከምሳ በኋላ!»

«ምንድን ነው የምትቀርጹት?»

«አንዲት አሮጊት!» ብዬ ጮህኩበት። ጩኸቴን ፈርቶ ይሁን ለአሮጊቷ አዝኖ እንጃ፣ ሞተሩን አጠፋ።

እትዬ ሃሩ ጀመሩ። ድምፃቸው ቀጭን ነው፤ መሃል ላይ ይሰነጠቃል፤ ከስንጥቁ ግን የልጅ ድምፅ ይወጣል። አንድም ቃል አልገባኝም። ግን ሁለቱ እጆቼ ዘንጉን እንደያዙ እንባዬ አገጬ ላይ ደረሰ፤ መጥረግ አልቻልኩም። መኪና አላለፈም፣ ውሻ አልጮኸም፣ ጣውላ አልተንቋቋም። አለቀ። በሥራ ዘመኔ ከዚያ የተሻለ ድምፅ ቀርጬ አላውቅም።

ጋሽ ኩማዳ ቆይተው ቆይተው በእጃቸው አስቆሙ። ወደ እኔ ዞረው ቅንድባቸውን አነሱ። ሁልጊዜ እንደማደርገው፣ የአገራችን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ በማድረግ ብቻ አዎ፣ በሚገባ ገብቷል አልኳቸው።

ፊታቸው ዓመድ መሰለ። አንገታቸውን ደፍተው ሄዱና እትዬ ሃሩ እግር ሥር ተንበረከኩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ» አሏቸው። ጆሮዬን አላመንኩም። ይሄ ሰውዬ ለይቶለት አበደ አልኩ። እትዬ ሃሩ እሳቸውን አዩ፤ ከዚያ እኔን ረዘም አድርገው አዩኝ። እንደገና ጀመሩና ሁለተኛው ስንኝ ላይ ቆሙ። ቀጣዩ የጠፋቸው ይመስላሉ። ከወንበሩ ወርደው ጫማቸውን አደረጉ።

«አንድ ጊዜ ብለኸኝ ነበር» አሏቸው። ከዚያ ልጃቸው መኪና ውስጥ ወደሚጠብቅበት ወጡ።

ማዕድ ቤቱ ውስጥ ተጣላን። ሁለታችንም በተዋስነው እንግሊዝኛ።

«ለምን አስደገሟቸው?» አልኳቸው።

«ድምፁ ተበላሽቷል ስላልሽኝ ነው!»

«እኔ? መቼ?»

«አሁን! ሁላችንም ፊት!»

«እኔ ያልኩት አዎ ነው! ወርቅ ነው ያልኩት!»

«ትርሲት ሳን፣ ሰምቼሻለሁ» አሉ። «እንዲህ ያለ ቀን ሰው ይዋሻል?»

ውሸታም! ስንት ዓመት ቃል ሲያጥፉብኝ የኖሩ ሰው እኔን ውሸታም አሉኝ። መሣሪያዬን ጠቅልዬ በሩን ወርውሬው ወጣሁ። መኪናዬ ጋ ደርሼ ኪሴን ስዳብስ ቁልፌ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ምን በወጣኝ! ተመለስኩ። ጋሽ ኩማዳ በሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ቁልፉን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ጎንበስ ብለው ሰጡኝ። ቁልፉ ገና እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ነው። ከቁጣዬ የሚቀጥለውን እንዳልል ያ ትሕትናቸው አፌን ዘጋው፤ ይሄም ሌላ ንዴት ሆነብኝ።

በሳምንቱ የእትዬ ሃሩ ልጅ ደውሎ እናቴ ከልክላለች አለ። ዜማውም ምስሉም እንዳይወጣ። ፊልሙ ያለ መጨረሻ ተንጠልጥሎ ቀረ። ክረምቱን ሙሉ ከጋሽ ኩማዳ ጋር አልተነጋገርንም። ዴቭ ይደውላል፤ ሰውዬው ምግብ አይበሉም፣ የድጎማው መሥሪያ ቤት ፊልሙ የት ደረሰ እያለ ይጽፋል፣ አንድ ነገር አድርጊ ይለኛል። እኔ ምን አገባኝ እላለሁ። ቤቲ በመጨረሻ ጆሮዬን በላችው። «ማም፣ ጀስት ጎ ኤንድ ቶክ ቱ ኸር። አንቺ ሁሌ ለእኔ ሂጂና በአፍሽ ተናገሪ አይደል የምትዪኝ?» አለችኝ። የገዛ ምክሬ ሲመለስብኝ ደስ አይለኝም፤ ግን ሄድኩ።

እትዬ ሃሩ ክሬጊበርን፣ ከልጃቸው ጋር ነው የሚኖሩት። መኪናዬ ጋራዥ ስለነበረች በባቡር ሄድኩ። ባቡሩ መጨረሻው ድረስ ይሄዳል፤ ከዚያ አውቶቡስ፤ ከዚያ ሁሉም አንድ ዓይነት የሆኑ አዳዲስ ቤቶች መሃል እየጠፉ መሄድ። የያዝኩት ሙዝ ጠቁሮ ደረስኩ። በሩን ራሳቸው ከፈቱልኝ።

«አንቺ ነሽ መጥፎ ነው ያልሽው» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

«እትዬ፣ ምን ብዬ?»

«ዜማዬን። እሱ ሲጠይቅሽ እንዲህ አደረግሽ» አሉና ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው በጥርሳቸው መሃል አየር ሳቡ። ስስስ የሚል ድምፅ ወጣ።

«እሱማ አዎ ማለት ነው!» አልኩ።

«በየት አገር?»

«በኢትዮጵያ!»

ቀና ብለው አዩኝ። «በጃፓን፣ ሰው እንዲህ ሲያደርግ አስቸጋሪ ነው፣ አይሆንም ማለቱ ነው» አሉ። «አይሆንም ብሎ በቃል መናገር ነውር ስለሆነ አየር ይሳባል።»

ቁጭ አልኩ። የእኛ ትንፋሽ አጭር ናት፣ የነሱ ረዘም ይላል። ግን እኔ ፍንጭት ነኝ። አገር ቤት ስንቱ ያሞገሰው ፍንጭት ጥርሴ አየር ባሳለፈ ቁጥር ያፏጫል፤ ለካ ሳብ ባደረግሁ ቁጥር አጥርቶ በጃፓንኛ አይሆንም ሲል ኖሯል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የሰውን ትንፋሽ ስመዝን የኖርኩ ሴት የራሴን አልሰማሁትም። ጋሽ ኩማዳም ቃል አባይ አልነበሩም። የንፋስ መከላከያው፣ ረዳቱ፣ ማክሰኞው፣ ሁሉም ያኔውኑ በትሕትና ተከልክለው ነበር።

ለእትዬ ሃሩ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። እንቁላሉ ላይ ስደርስ ሳቃቸው አላስቀምጥ አላቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ሳቅሁ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

«እንግዲያው ዜማው በፊልሙ ይግባ?» አልኳቸው።

«አይገባም» አሉ።

«እትዬ፣ ስህተት መሆኑን ነገርኩዎት እኮ!»

«ያንቺ ትንፋሽ ስህተት ነው፤ እሱን ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ኩማዳ ግን አማረም አላማረም አንድ ጊዜ ብሎ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ተበላሽቶስ ቢሆን? ቃሉ ለተበላሸውም ነበር። መልኬን ይውሰድ። ድምፄን አልሰጥም።»

ተከራከርኩ። ለመንኩ። ያን ያህል መንገድ ሄጄ፣ ያን የመሰለ ድምፅ ኮምፒውተሬ ውስጥ እያለ! እሳቸው ሙዙን ልጠው አንዱን ለእኔ ሰጡኝ፣ አንዱን ራሳቸው በሉ። እኛስ ቃል የእምነት ዕዳ ነው እንል የለም? የተናደድኩትም እውነታቸውን ስለሆነ ነው።

ከዚያው በቀጥታ ጋሽ ኩማዳ ጋ ሄድኩ። ከስተዋል። ጫማዬን ሳላወልቅ በር ላይ ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ፣ «ሰውየው እንቁላል የበላ ዕለት…» አሉ።

«መጀመሪያውኑ ገብቶ ነበር፣ ጋሼ።»

«ድልድይ ላይ በዝናብ ስንደግም የዋልነውስ?»

«እሱም።»

መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅሁም፤ እኔ ሁለቱም መጥቶብኝ ነበር። ዓለም ትዕግሥታቸው ያለው የእኔ ፍንጭት ነበር።

ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከቦርሳዬ ያወጣሁትን ኮምፒውተር ጠረጴዛው ላይ ከፍተን ዜማውን አንድ ጊዜ ሰማነው። እኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሴትየዋ አርጅተዋል፤ ለጊዜው ይቀመጥ፤ ነገ ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል፤ ማን ያውቃል አልኳቸው። ጋሽ ኩማዳ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አየር ሳቡ።

«በቃል ይናገሩ!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ከዛሬ ጀምሮ እኔና እርስዎ በትንፋሽ አንነጋገርም!»

«አጥፊው» አሉ።

«ጋሼ፣ ከሥራዬ ሁሉ የተሻለው ነው።»

«አውቃለሁ። ከእኔም ነው። ግን የኛ አይደለም። አጥፊው።»

አጠፋሁት። ዋናውንም ቅጂውንም። ጣቴ ሲጫን እንዴት እንደተቃጠልኩ አልነግራችሁም፤ ሆድ ይፍጀው። ሰውየው ልክ መሆናቸው ነው የባሰው። በዜማው ቦታ የዚያን ቤት ዝምታ፣ የቀረጽኩትን የባዶ ክፍል ድምፅ አስገባሁ። ቤቱም በዚያው ሰሞን ፈረሰ።

ፊልሙ አውሮፓ ዞሮ ሽልማት ይዞ መጣ። እናም ጉድ ተጀመረ። የዝምታ ሊቅ! ድምፅን የናቀ ደፋር! አንዱማ፣ ያ ዝምታ የስደተኛ ሴቶች ሁሉ ዝምታ ነው ብሎ ገጽ ሙሉ ጻፈ። ጋሽ ኩማዳን እውነቱን ይንገሯቸው ስላቸው፣ «የእትዬ ሃሩን ነገር በጋዜጣ ላወጣው ነው እንዴ?» አሉኝ። እንደዚህ ነው ሰው አንጀቱ አርሮ ዝም የሚለው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ያራቪል ባለው አሮጌ ሲኒማ ቤት ታየ። አዳራሹ ሞልቷል። እትዬ ሃሩን ልጃቸው አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጣቸው። ጋሽ ኩማዳ ከፊታችን ካለው ረድፍ ተነስተው፣ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሱ። እሳቸውም ከወንበራቸው ጎንበስ አሉ። ቃል አልተለዋወጡም።

መጨረሻው ደረሰ። ባዶው ማዕድ ቤት፣ ወንበሩ፣ አሮጊቷ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚሰማው ግን የክፍሉ ዝምታ ብቻ ነው። ይኸው ያደነቁት ዝምታ መጣ ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ከዚያ በግራ ጆሮዬ ሰማሁት። እትዬ ሃሩ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ዓይናቸውን ሸራው ላይ ተክለው፣ ከገዛ አፋቸው ጋር እኩል ያንጎራጉራሉ። ለእኛ ረድፍ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ሁለተኛውን ስንኝ አለፉት። የጋሽ ኩማዳ ጀርባ ቀጥ አለ፤ ዞረው አላዩም። ማይክሮፎን የለኝም፣ ዘንግ የለኝም፤ እጄ ግን ሳላስበው ሽቅብ ተነስቶ ነበር።

ከኋላችን አንዲት ሴት «ሽሽሽሽ!» አለች። እትዬ ሃሩ አልሰሟትም። ሴትየዋ ወደ ፊት አዘነበለችና፣ የዝምታውን ትዕይንት እያበላሻችሁ ነው አለች።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሰውን ዝም በሉ ስል የኖርኩት ለራሴ ማሽን ነበር። ዞርኩባት።

«ዝም በይ አንቺ!» አልኳት በአማርኛ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማ። «ገና አልጨረሱም!»